ደብተሩ ሳይነበብ አይቀደድ

ከድሬዳዋ የደረሰን ደብዳቤ በአጭሩ እንዲህ ይላል፦

«ዕድሜዬ አርባ አምስት ነው። ቤይሩት ዘጠኝ ዓመት በሰው ቤት ሠርቻለሁ። በየወሩ ከደመወዜ ለታናሽ ወንድሜ እልክ ነበር፤ እናታችን ስትሞት ገና ልጅ ስለነበር ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ሳቢያን በኩል ቦታ ገዝቼልሻለሁ፣ መሠረቱም ወጥቷል እያለ የሰው ግንብ ፎቶ ሲልክልኝ ኖረ። ስመለስ ቦታም ቤትም የለም። ገንዘቡን የኮንትሮባንድ ዕቃ ሲነግድበት ተይዞበት ከስሯል። የላክሁትን ሁሉ በአንድ ደብተር ጽፌአለሁ፤ ድምሩ 386,400 ብር ነው። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን፣ ምንም ሳላውቅ ስለቴን ላደርስ ቁልቢ ስሄድ፣ ጥላውን ተሸክሞ አብሮኝ የሄደው እሱ መሆኑ ነው። ዘንድሮ በቅበላ ሰሞን ሽማግሎች መጥተው ‹ጾም እየገባ ነው፣ ይቅር በይው› አሉኝ። ቡናው በረካ ሳይደርስ ‹ይቅር ብያለሁ› አልሁ። ውስጤ ግን አላለም። አባታችን ሆይ ስደግም ‹እኛም የበደሉንን› የሚለው ላይ ስደርስ ዝም እላለሁ። ፕሮቴስታንት የሆነች የአጎቴ ልጅ ‹ጸጋ ማለት መርሳት ነው፣ ደብተሩን ቀደሽ ጣዪው› ትለኛለች። እሱ ደግሞ መጋላ ባለችኝ የድሪያ ጨርቅ ሱቅ ቁልፍ ይዞ እንዲሠራ ሽማግሎቹን እንደገና ልኳል፤ ለሐምሌ ገብርኤልም አብረን ቁልቢ እንሂድ ብሏል። ይቅር ብያለሁ ካልሁ ቁልፉን መስጠት አለብኝ? ደብተሩንስ ልቅደደው?»

ውድ እህቴ፣

ደብተሩን አይቅደዱት፤ ቢያንስ ገና አይቅደዱት። ቁልፉንም አሁን አይስጡ። ለሁለቱ ጥያቄዎችዎ መልሴ ይኸው ነው፤ ነገር ግን ምክንያቱን ሳልናገር ብተወው ቂም እንዲይዙ ፈቃድ የሰጠሁዎት ሊመስል ስለሚችል፣ ረዘም አድርጌ እንዳስረዳ ይፍቀዱልኝ።

የአጎትዎ ልጅ የተናገረችው በቅን ልብ እንደሆነ አልጠራጠርም፤ ሽማግሎቹም ቤትዎ ድረስ የመጡት ሰላም ወድደው ነው። ይሁንና በሃይማኖት የማይስማሙት ሁለቱ ወገኖች በአንድ ነገር የተስማሙ ይመስለኛል፤ ዕዳው ስንት እንደሆነ ሳይጠራ ነገሩ ቢያልፍ ይሻላል ብለው ያስባሉ። እኔ ደግሞ የክርስቲያን ይቅርታ ሒሳቡ በግልጽ ሳይነበብ በቅጡ አይጀመርም ባይ ነኝ።

በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ጴጥሮስ ወንድሜ ቢበድለኝ ስንት ጊዜ ልተውለት ብሎ በጠየቀ ጊዜ ጌታ የነገረውን ምሳሌ ሽማግሎቹም ሳይጠቅሱልዎት አልቀሩም። ምሳሌው ግን በይቅርታ አይጀምርም፤ ንጉሡ ባሪያዎቹን ሊቈጣጠር በመፈለጉ ይጀምራል። ባለዕዳው በፊቱ ቀርቦ፣ የዕዳው መጠን ታውቆ፣ ከዚያ በኋላ ነው ምሕረቱ የሚመጣው። ዕዳው እልፍ መክሊት ነበር። አንድ መክሊት 6,000 ዲናር ያህል ሲሆን፣ በዚያው ወንጌል ምዕራፍ 20 እንደምናነበው አንድ ዲናር የቀን ሠራተኛ የዕለት ደመወዝ ነው። ሲባዛ 60,000,000 የሥራ ቀን ይሆናል፤ ሰንበትና በዓል ሳይለይ በየቀኑ ለሚሠራ ሰው ከ160,000 ዓመት በላይ ማለት ነው። ሰውዬው «ታገሠኝ፣ ሁሉንም እከፍልሃለሁ» ሲል፣ ንጉሡ ሊከፍል እንደማይችል እያወቀ ማረው።

በዚህ ምሳሌ ላይ ሲሰበክ ደጋግሜ የምሰማውና የማልስማማበት ነገር አለ። ሁለተኛው ዕዳ፣ ያ የመቶ ዲናሩ፣ ኢምንት ሳንቲም ተደርጎ ይነገራል። መቶ ዲናር ግን የመቶ ቀን ላብ ነው። ቀፊራ ገበያ ጆንያ ተሸክሞ የሚያድር ሰው ከሦስት ወር በላይ የሠራው ቢወሰድበት ቤቱ ምን እንደሚመስል እርስዎም እኔም እናውቃለን። ጌታ የባልንጀራችን በደል ከቁም ነገር አይቆጠርም አላለም፤ ለእኛ ከተተወልን ጋር አስተያየው እንጂ። የእርስዎ ደግሞ መቶ ቀን ሳይሆን ዘጠኝ ዓመት ነው፤ በሰው ማጀት፣ በሰው ልጅ አልጋ ሥር የተኛ ዘጠኝ ዓመት። ትንሽ ነው ብሎ ማለፍ ይቅርታ አይደለም፤ ትንሽ ነገር ይቅርታ አያስፈልገውምና።

የራሴን ቤት አንድ ነገር ላንሣ። አባቴ በደቻቱ ዳር ሱቅ ነበረው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው በጨረሰ ጊዜ እኛ በነፍስ ተረፍን፤ ሱቁ ግን ከነሚዛኑ ሄደ። ከስኳሩና ከዘይቱ ጋር የዱቤ ደብተሩም ሄደ። በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ልብስ አጣቢ እናት ጭቃውን ተራምደው መጡና «37 ብር አለብኝ፤ ደብተሩ ቢጠፋ እኔ አልጠፋሁ» አሉት። ሌሎችም ጥቂት መጡ። ብዙዎቹ ግን ሳይመጡ ቀሩ። አባቴ ቸር ሰው ስለነበር፣ ደብተሩ በእጁ ቢሆን ኖሮ ቤቱ የፈረሰበትን ሰው ሁሉ ስሙን እየሰረዘ ይምረው እንደነበር አውቃለሁ። ደብተሩ ስለሌለ ግን ማንን ምን ያህል እንደሚምር አጣ። ከዚያ በኋላ ዓመት ያህል በደጃፉ የሚያልፈውን ሁሉ በጥርጣሬ ሲከተል አስታውሳለሁ፤ ሃምሳ ብር ያለበትም፣ አምስት ብር ያለበትም፣ ምንም የሌለበትም በዓይኑ እኩል ባለዕዳ ሆኑ።

እርስዎም በደብዳቤዎ ግርጌ «የወንድሜ ልጆች ሲስቁ እንኳ በእኔ ገንዘብ የሚስቁ ይመስለኛል» ብለዋል። ልኩ ያልታወቀ በደል የሚያደርገው ይህንን ነው፤ ከበዳዩ አልፎ ምንም ወዳላጠፉት ይፈስሳል። ደብተሩ ዛሬ ቢቀደድ የሚጠፋው ልኩ ብቻ ነው፤ ዕዳው በቤቱ ሁሉ ላይ ተበትኖ ይቀራል።

በጥምቀት ሰሞን ከልጅነታችን ጀምሮ የምንሰማውን የአዳምን የዕዳ ደብዳቤ ያስታውሱ። አዳምና ሔዋን ለዲያብሎስ ባሪያዎች ነን ብለው ጽፈው ሰጡት፤ እርሱም አንዱን በዮርዳኖስ፣ አንዱን በሲኦል አኖረው፤ ጌታ የዮርዳኖሱን በተጠመቀ ጊዜ፣ የሲኦሉን ወደዚያ በወረደ ጊዜ ደመሰሰው ብለው አባቶች ያስተምራሉ። ቅዱስ ጳውሎስም ለቆላስይስ ሰዎች ሲጽፍ በእኛ ላይ የነበረውን የዕዳ ጽሕፈት በመስቀል ጠርቆ አስወገደው ይላል። በዚህ ትምህርት ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ ደብዳቤው በሁለት ቅጂ መሆኑ ነው። አንዱ ሰው ሁሉ በሚያየው ወንዝ ውስጥ ነው፤ ሌላው ማንም ሊደርስበት በማይችል ጥልቅ። የእርስዎም ዕዳ እንደዚያው በሁለት ቅጂ የተጻፈ ነው። ደብተሩ በቁም ሣጥን ውስጥ ነው፤ ሁለተኛው ቅጂ የት እንዳለ፣ አባታችን ሆይን እየደገሙ ዝም የሚሉበት ቦታ ይነግርዎታል። የአጎትዎ ልጅ ምክር የሚደርሰው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ጸጋ መርሳት ነው የሚለውን ቃልም ልቀበለው አልቻልሁም። ጸጋ በነጻ የሚሰጥ ስጦታ መሆኑ እውነት ነው፤ ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች የጻፈውን የአጎትዎ ልጅ ከእኔ ይልቅ በቃሏ ሳትይዘው አትቀርም። ነጻ የሆነው ግን ለተቀባዩ ነው። ለሰጪው ነጻ ቢሆን ኖሮ መስቀል ምን ያደርግ ነበር? ዕዳ ሲማር በንኖ አይጠፋም፤ ባለገንዘቡ ራሱ ይሸከመዋል። ስለዚህ በግልጽ እንነጋገር፤ ወንድሜን ይቅር ብያለሁ ማለት 386,400 ብሩን እኔ ከፈልሁት ማለት ነው። ያልተሠራውን ቤት፣ የዘጠኝ ዓመቱን የጀርባ ሕመም፣ በዚያ በሰው ግንብ ፎቶ የተደሰቱበትን ሌሊት ሁሉ እኔው ዋጥ አደረግሁት ማለት ነው። ይህን ቡናው በረካ ሳይደርስ እንዲፈጽሙት መጠየቁ ተገቢ አልነበረም። «የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም» የሚለው ተረታችን ስለ ተወጋው ልብ ጥንካሬ የሚነገር ይመስላቸዋል ብዙዎች፤ እኔ ስለ ወጊው ችኮላ የተነገረ ይመስለኛል።

ስለ ሽማግሎቹ አንድ ነገር ልጨምር። «መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ ሂድ፣ አስቀድመህም ከወንድምህ ጋር ታረቅ» የሚለውን ለእርስዎ ጠቅሰውልዎት ከሆነ፣ ቃሉን አድራሻውን ሳያነቡ አድርሰውታል። በማቴዎስ ምዕራፍ 5 የታዘዘው «ወንድሜ በእኔ ላይ የያዘው ነገር አለ» ብሎ የሚያስበው ሰው ነው፤ ማለትም በዳዩ። ቁልቢ ደጅ ላይ ጥላውን አውርዶ «እህቴ፣ ከመግባትሽ በፊት የምነግርሽ አለኝ» ማለት የነበረበት ወንድምዎ ነበር። ያ ቀን የሚያንገበግብዎት ያለ ምክንያት እንዳልሆነ ይወቁ።

ለእርስዎ የተጻፈው በማርቆስ ምዕራፍ 11 ያለው ነው፤ ለጸሎት በቆማችሁ ጊዜ በማንም ላይ አንዳች ቢኖርባችሁ ይቅር በሉት። ይህ ትእዛዝ እርስዎን የትም አይልክዎትም፤ ሽማግሌ አይጠራም፤ ወንድምዎ እስኪጸጸት እንኳ አይጠብቅም። ቁልፍ ስጪ የሚል ቃልም የለበትም። የቆሙበት ቦታ ላይ፣ በእግዚአብሔር ፊት፣ የተያዘውን መልቀቅ ነው። ግዕዙ አባታችን ሆይ «ኅድግ ለነ» ሲል ተውልን፣ ልቀቅልን ማለቱ ነው፤ አማርኛውም ይቅር ሲል ወደ ኋላ ይቅር፣ እኔን ተከትሎ አይምጣ ማለቱ ነው። በሁለቱም ውስጥ መርሳት የሚል ሐሳብ የለም። ሰው የሚተወው የያዘውን ነው፤ የያዘውን የማያውቅ ምኑን ይተዋል?

እንግዲህ ይህን ያድርጉ ብዬ እመክራለሁ። ሽማግሎቹን ሁሉ ሳይሆን ከእነርሱ መካከል አንደበተ ቁጥብ የሆኑትን አንድ ሰው ብቻ ይጥሩ። ወንድምዎ ይምጣ። ደብተሩን አውጥተው ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ወር በወር ያንብቡለት፤ ቀኑን፣ መጠኑን፣ የቱ ወር ታመው ሳይቀር እንደላኩ። ስድብ አይጨምሩበት፤ ቁጥሩ ብቻውን ይበቃል። ምናልባት ሁለት ሰዓት ይፈጅ ይሆናል፤ ይፍጅ። ከዚያ ድምሩን እሱ በራሱ አፍ ይናገር፤ ወዴት እንደሄደም ይንገርዎት፤ በተለይ የግንቡ ፎቶ የማን እንደነበር። በሉቃስ ምዕራፍ 17 «ቢበድልህ ገሥጸው፣ ቢጸጸትም ይቅር በለው» ተብሏልና፣ ተግሣጹ ለእሱ የሚገባው ነው፤ ከነፈጉት የሚጸጸትበትን ነገር ነፈጉት ማለት ነው። ሰምቶ ቢያለቅስ ጥሩ፤ ባያለቅስም እንባ ለመቁጠር አልተቀመጡም። የመጨረሻው መስመር ሲነበብ ያን ጊዜ ይቅር ይበሉት፤ ልኩን እያወቁ። በዚያ ሰዓት ደብተሩን ሊቀድዱት ከፈለጉ እጅዎን የምይዝ እኔ አይደለሁም።

አልቀመጥም፣ አንዴ ይቅር ተብያለሁ ቢልስ? እንግዲያው የማርቆሱን ይፈጽሙ፣ ብቻዎን በጸሎት ይልቀቁት፤ እርቁ ግን እሱ እስኪቀመጥ ይጠብቃል። ይቅርታ አንድ ሰው ሊፈጽመው ይችላል፤ እርቅ ግን ሁለት ሰው ይፈልጋል።

አሁን ወደ ቁልፉ። ይህ መልስ የሚደርስዎት የገብርኄር ሰንበት ሲቃረብ ነው፤ በዐቢይ ጾም ስድስተኛው ሰንበት ስለሚነበበው ስለ መክሊቱ ምሳሌ ማለቴ ነው። ያ መክሊት የሚባለው መለኪያ በማቴዎስ ወንጌል በሁለት ምሳሌዎች ውስጥ ይገኛል። በምዕራፍ 18 ይቅር ሲባል፣ እልፉ መክሊት በአንድ ቃል ተማረ፤ የሰውዬው ዓቅም፣ ጠባይ፣ የወደፊት ታማኝነት አልተመረመረም። በምዕራፍ 25 አደራ ሲሰጥ ግን ጌታው ለአንዱ አምስት፣ ለአንዱ ሁለት፣ ለአንዱ አንድ ሰጠ፤ «ለእያንዳንዱ እንደ ዓቅሙ» ይላል መጽሐፉ። ያ እልፍ መክሊት የሚምር አምላክ አደራ ሲሰጥ ይለካል። ከዚያም «በጥቂቱ ታምነሃል፣ በብዙ እሾምሃለሁ» ይላል እንጂ ከብዙው አይጀምርም። ስለዚህ ወንድምዎን ሙሉ በሙሉ ይቅር ብለው ቁልፉን ቢይዙበት ግብዝ አይደሉም። ይቅርታ አይለካም፤ አደራ ይለካል። ሽማግሎቹም እነዚህን ሁለቱን በአንድ ሙዳይ ከትተው ስላመጡልዎት ነው ነገሩ የከበደዎት።

ሊረዱት ከፈለጉ የሚሰጥ ጥቂት ነገር አይጠፋም። የጨርቁን ቦንዳ ከመኪና አውርዶ ወደ ሱቅ ያስገባ፣ የቀኑን ዋጋ በዕለቱ ይቀበል። ለልጆቹ የትምህርት ቤት ወጪ ካሰቡ እርስዎ ራስዎ ገዝተው ይስጧቸው። የገንዘቡ መሳቢያ ግን የእርስዎ ይሁን፤ አንድ ዓመት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ። ይህ ለእሱም ምሕረት ነው፤ የወደቀበትን ጉድጓድ እንደገና ከፊቱ መክፈት ደግነት አይደለምና።

ይቅር ካልሁት በኋላ ገንዘቡን ሊመልስ ይገባል ወይ የሚለውን አልጠየቁም፣ ይመጣል ግን። ከተማረ ዕዳ የለበትም፤ ስለዚህ አይጠይቁት። ዘኬዎስ የቀማውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው ማንም አስገድዶት አልነበረም፤ ጌታ ወደ ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። ወንድምዎም አንድ ቀን ሁለት መቶ ብር ይዞ ቢመጣ «አያስፈልግም» ብለው አይመልሱበት። ንስሐ አባት የሚሰጠው ቀኖና የኃጢአት ዋጋ እንዳልሆነ፣ የታማሚው መድኃኒት እንደሆነ ሁሉ፣ ያ ሁለት መቶ ብር ለእርስዎ ሳይሆን ለእሱ ያስፈልገዋል።

ዝም ስለሚሉበት ቦታ፦ ከዛሬ ጀምሮ ዝም አይበሉ። ሳያስቡ ከሚያነበንቡት ይልቅ የእርስዎ ዝምታ ሐቀኛ እንደሆነ አልክድም። ነገር ግን ጸሎቱ «የበደለኝን» አይልም፤ «የበደሉንን» ይላል። ብቻዎን ማለት ያቃተዎትን ከጎንዎ የቆሙት ሁሉ አብረው ይሉልዎታል። ድምፅዎ እዚያ ላይ ቢሰበርም ይበሉት። ነገ ጠዋት ንዴቱ ተመልሶ ቢመጣ ይቅርታዬ ውሸት ነበር ብለው አይደምድሙ፤ ሰባ ጊዜ ሰባት የተባለው ሰው ሰባ ጊዜ ስለሚበድል ብቻ ሳይሆን፣ አንዱ በደል ሰባ ጊዜ ስለሚመጣም ይመስለኛል። በቅበላ የተናገሩትን ቃልም እንደ ውሸት አይቁጠሩት፤ ለሽማግሎቹ «ቃሉን ሰጥቻለሁ፣ ሥራው ገና ነው» ማለት ይበቃል።

ስለ ቁርባን እኔ ካህን አይደለሁምና አልናገርም። ወደ ንስሐ አባትዎ ሲሄዱ ግን ይህንኑ ሁሉ፣ ዝምታውንም ጭምር፣ ሳይቀንሱ ይንገሯቸው።

ለሐምሌ 19 አብረን እንሂድ ያለዎትን፣ ደብተሩ ከተነበበ ይቀበሉት፤ ካልተነበበ ሌላ ዓመት ይደርሳል። ከሄዳችሁ ጥላውን ይያዝ። ደብተሩ ከተረፈ ቤት ይቆይ፤ ደንገጎን ስትወጡም ስለ ገንዘቡ አንድ ቃል አይነሣ፤ ስለ እናታችሁ አውሩ፣ እሱ ሕፃን ሳለ ስለነበረው ነገር ከእርስዎ በቀር የሚነግረው ሰው የለውም።